«መብራት» ስንል ምን ማለታችን ነው? ስለ ታዳሽ ኢነርጂና ስለ ቁጠባ ቃላት

(በደብረ ማርቆስ ለመምህራን፣ ለግብርና ባለሙያዎችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣

እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ታዳሽ ኢነርጂና ስለ ኢነርጂ ቁጠባ ዋና ዋና ቃላት ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት የቃላት መፍቻ አዘጋጅቼ ላነብላችሁ ነበር። ቃላቱን አንድ በአንድ ስመረምራቸው ግን፣ የለመድነው አጠራር ራሱ ዓይናችንን ከዋናው ብክነት አዙሮ ወደ ትንሹ እንደሚመራው ተረዳሁ። ስለዚህ ዛሬ በጥቂት ቃላት ላይ ብቻ እቆያለሁ፤ የመረጥኳቸውም ትርጉማቸው ሲጠራ በቤታችን፣ በማሳችንና በክፍላችን የምንወስነውን ነገር የሚለውጡትን ነው።

«መብራት» ከሚለው እንጀምር። እኛ ኤሌክትሪክን በጠቅላላው መብራት እንለዋለን። መብራት ገባ፣ መብራት ጠፋ፣ የመብራት ቆጣሪ፣ የመብራት ሂሳብ እንላለን፤ ድርጅቱንም ለብዙ ዘመን «መብራት ኃይል» ስንለው ኖረናል። ስያሜው ምክንያት አለው፤ ኤሌክትሪክ ወደ ቤታችን ሲገባ መጀመሪያ ያደረገልን ነገር ኩራዙን መተካት ነበርና። ችግሩ «መብራት ቆጥቡ» የተባለ ጊዜ ይመጣል። ሰሚው በቀጥታ የሚያስበው አምፖሉን ነው። ሳሎን ውስጥ የበራ አምፖል የረሳ ልጅ ይቆጣል፤ በዚያው ሰዓት ጓዳ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሊጥ ሳይፈስበት ባዶውን ሲግል ማንም ልብ አይለውም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጥ ኤል ኢ ዲ አምፖል 9 ዋት ያህል ይወስዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል። አንድ ምጣድ ሲሰካ ከ380 በላይ አምፖሎች በአንድ ጊዜ እንደበሩ ይቆጠራል። ምጣዱ ሁለት ሰዓት ሳይጠፋ ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በዚያው መጠን ያን አንዱን አምፖል በየምሽቱ አምስት አምስት ሰዓት ብታበሩት 155 ሌሊት፣ ማለትም ከአምስት ወር በላይ ያበራላችኋል። አምፖል ማጥፋት ጥሩ ልማድ ነው፣ ልጆቻችንም ይልመዱት። ቁጠባ የሚባለውን ሥራ ግን የምንጀምረው ከምጣዱ ካልሆነ ደክመን የምናተርፈው ጥቂት ነው።

ዋት እና ኪሎዋት ሰዓት የሚሉት ሁለት ቃላት በዚሁ ስሌት ውስጥ ገብተዋልና እነሱን ልለያቸው። በአማርኛችን «ኃይል» የሚለው ቃል ለሁለቱም ያገለግላል፤ የኃይል ምንጭ እንላለን፣ ኃይል ማመንጫም እንላለን። እኔ በዚህ ንግግር ለተጠራቀመው መጠን «ኢነርጂ»፣ ለፍጥነቱ ደግሞ «አቅም» የሚለውን እጠቀማለሁ። ከቧንቧ እንስራ የምትሞላን ሴት አስቡ። ቧንቧው በደቂቃ ስንት ሊትር ያወርዳል የሚለው አቅም ነው፤ በዋት፣ በኪሎዋትና በሜጋዋት ይለካል። እንስራው ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ኢነርጂ ነው፤ በኪሎዋት ሰዓት ይለካል። ቆጣሪያችን የሚቆጥረው፣ ካርድ ስንሞላም የምንገዛው ይህን ሁለተኛውን ነው። አንድ ዕቃ ብዙ ዋት ስለወሰደ ብቻ ብዙ አስከፍሏል ማለት አይቻልም፤ ስንት ሰዓት ሠራ የሚለው አብሮ መጠየቅ አለበት።

በምጣድ ረገድ ይህ ልዩነት ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ምጣዱ የመጀመሪያውን እንጀራ እስኪያወጣ ድረስ የሚበላው ኢነርጂ ሸክላውን ለማጋል የሚወጣ ነው፤ አምስት እንጀራም ጋገርን ሠላሳ፣ ይህ ወጪ አንድ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት የምትጋግር እናት ያን ወጪ ሦስት ጊዜ ትከፍላለች፤ አንድ ጊዜ አብዝታ የምትጋግረው አንድ ጊዜ ትከፍላለች። ሸክላው አንዴ ከጋለ በኋላም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ሊጡ ሊያልቅ አንድ ሁለት እንጀራ ሲቀረው ሶኬቱን ብንነቅለው የቀረው በትርፉ ሙቀት ይበስላል። እናቴ በእንጨት ምድጃ ዘመን ጋግራ ስትጨርስ በዚያው ምጣድ ቆሎ ትቆላልን ነበር፤ ስለ ኢነርጂ ቁጠባ ማንም ያስተማራት የለም፣ ማገዶው ከየት እንደመጣ ግን ጀርባዋ ያውቅ ነበር።

አቅምና ኢነርጂ የሚደባለቁበት ሌላው ቦታ የኃይል ማመንጫ ዜና ነው። «ይህን ያህል ሜጋዋት» ሲባል የተነገረን አቅሙ ነው፤ ሁሉም ተርባይኖች፣ ማለትም ውኃው የሚያዞራቸው ማሽኖች፣ በሙሉ ጉልበት ቢዞሩ በአንድ ቅጽበት የሚሰጡት ማለት ነው። የእኛው ሀገር ውኃ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ አቅሙ 11.4 ሜጋዋት ነበር፤ ባሕር ዳርንና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋን የመገበው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው ጢስ ዓባይ 73 ሜጋዋት ይዞ ተጨመረ። በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2010) የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ 460 ሜጋዋት አለው። ሦስቱም የሚጠጡት ከአንድ ሐይቅ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

መልሱ «ከፍታ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ በየሰከንዱ አንድ ሜትር ቢወርድ 9.8 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል፤ አርባ ሜትር ቢወርድ አርባ እጥፍ፣ ከ390 ኪሎዋት በላይ ይሆናል። በማሽኑ ውስጥ የሚባክነው ገና ሳይቀነስ ማለቴ ነው። በጢስ እሳት ፏፏቴ ውኃው የሚወርደው ወደ 40 ሜትር ገደማ ነው። በበለስ በኩል ግን የጣና ውኃ 12 ኪሎሜትር ያህል በዋሻ ተጉዞ እጅግ ዝቅ ወዳለው የበለስ ተፋሰስ ስለሚወረወር፣ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ብዙ እጥፍ ኢነርጂ ይሰጣል። በምሕንድስናው ዓይን ይህ ትልቅ የብቃት እርምጃ ነው። ዋጋም አለው፤ በተርባይን በኩል የሚያልፍ ውኃ በፏፏቴው ላይ አይወርድምና፣ በልጅነታችን ጢሱን ከሩቅ ያየነው ጢስ እሳት በበጋ ከስቶ ይታያል። ታዳሽ የተባለ ኢነርጂ ያለ ምንም ዋጋ የሚመጣ እንዳይመስላቸው ይህን ለተማሪዎቻችን ብንነግራቸው ደስ ይለኛል።

የታላቁ የሕዳሴ ግድብም እንዲሁ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ 5,150 ሜጋዋት አቅም አለው። ዓመቱን ሙሉ፣ ቀንና ሌሊት በሙሉ አቅሙ ቢሠራ ወደ 45,000 ጊጋዋት ሰዓት (አንዱ ጊጋዋት ሰዓት አንድ ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ነው) በሰጠ ነበር፤ በዓመት የሚጠበቅበት ግን ወደ 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ነው፤ ከሙሉው አንድ ሦስተኛ በጥቂቱ የሚበልጥ። ይህ ጉድለት አይደለም። የዓባይ ውኃ አብዛኛው የሚመጣው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው፤ ተርባይኖቹ የበዙት ሀገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጠቀም፣ ይኸውም ማታ ማታ፣ ብዙ ለመስጠት እንዲቻል ነው። ውኃው በግድቡ ውስጥ ታጉሮ ሲቆይ ኢነርጂ ተከማችቶ ቆየ ማለት ነው፤ «ማከማቸት» የሚለው ቃል በእኛ ሀገር ትልቁን ትርጉም የሚያገኘው በባትሪ ሳይሆን በግድብና በሐይቅ ነው። ጣናም ራሱ ከዓባይ መውጫው በጨረጨራ ላይ በተሠራው መቆጣጠሪያ አማካይነት የክረምቱን ለበጋው የሚያቆይ ጎተራ ሆኗል።

አሁን ወደ «ታዳሽ» ልምጣ። ቤት ይታደሳል፣ ቤተ ክርስቲያን ይታደሳል፤ ሁልጊዜም የሚያድሰው ሰው አለ። ታዳሽ ኢነርጂ ስንል ግን አዳሹን አንጠራውም፤ ነገሩ በራሱ እየታደሰ የሚኖር ይመስለናል። ለፀሐይና ለነፋስ ይህ እውነት ነው። ዛሬ የተጠቀምንበት የፀሐይ ብርሃን የነገውን አይቀንሰውም። ለማገዶ ግን እውነት የሚሆነው የሚቆረጠው ከሚበቅለው ያልበለጠ እንደሆነ ብቻ ነው። በጎጃም መንገድ ስትጓዙ በየኮረብታው ላይ ክብ ሆኖ የቀረ ጥቁር አረንጓዴ ደን ካያችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመኖሩ ምልክት ነው። በዚያ ውስጥ ያለው ወይራ፣ ዝግባና ዋንዛ በዙሪያው ያለው ማሳ ቀድሞ ምን እንደነበር ይመሰክራል። ያ ደን ለመታደስ ከሰው ዕድሜ የሚበልጥ ጊዜ ይፈልጋል፤ የቆረጥነው ግን በአንድ ትውልድ ውስጥ ነው። ስለዚህ «እንጨት ታዳሽ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስለየትኛው እንጨት፣ በየትኛው ፍጥነት ካልተባለ ትርጉም የለውም።

በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ለዚህ ጥያቄ የራሱን መልስ ሰጥቷል። ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በገዛ ማሳው ላይ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መሐል ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ከሥሩ ለከብቱ ሣር ያጭዳል፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያወጣና መሬቱን ወደ እህል ይመልሰዋል። ዛፉ ናይትሮጅን የተባለውን የሰብል ምግብ ከአየር ወስዶ ወደ አፈር የሚያስገባ በመሆኑ አሲዳማና የደከመ የነበረው መሬት ያገግማል። ይህ በእውነት የሚታደስ ማገዶ ነው፤ አዳሹም ይታወቃል፣ ገበሬው ነው። በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ብቻ መደገፍ በሽታ ሲመጣ ምን እንደሚያስከትል አካባቢው ስላየው፣ ከዲከረንስ ጎን ሌላም ዛፍ መትከል ይገባል ከሚሉት ወገን ነኝ።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር አለ። አንድ ነገር ታዳሽ ሆኖ ባካኝ ሊሆን ይችላል። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰልበት በተለመደው መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ወደ ሰባት ኪሎ እንጨት ይነዳል። በሌላው የኢነርጂ መለኪያ በሜጋጁል ስንለካው፣ አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ወደ 16 ሜጋጁል፣ አንድ ኪሎ ከሰል ወደ 29 ሜጋጁል ይይዛል። ሰባቱ ኪሎ እንጨት 112 ሜጋጁል ነበር፤ ከተማ የደረሰው 29 ነው። ሦስት አራተኛው እዚያው ጉድጓዱ ላይ በጢስና በሙቀት ቀርቷል። ከሰሉ ጢስ የለውም የምንለውም ጢሱ ከሰሉን ከሚያከስለው ሰው ዘንድ ስለቀረ ነው። ከምድጃው በፊት መሻሻል የሚገባው የማክሰያው ዘዴ ነው ብዬ የማምነው ስለዚህ ነው። አየሩ በልክ የሚገባበት፣ ጭስ ማውጫ ያለው የማክሰያ ዘዴ ከዚያው እንጨት ብዙ የበለጠ ከሰል ያወጣል፤ ይህም ማለት ያንኑ ከሰል ለማግኘት የሚቆረጠው ዛፍ ይቀንሳል ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥተን «ብቃት» እና «ቁጠባ» የሚሉትን እንለያቸው። ብቃት ማለት ያንኑ ሥራ ባነሰ ኢነርጂ መሥራት ነው። ቁጠባ ማለት በመጨረሻ የተጠቀምንበት መጠን መቀነሱ ነው። ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፣ ላይሄዱም ይችላሉ፤ ቆጣቢ አምፖል ገዝቶ ሌሊቱን ሙሉ የሚያበራው ሰው ብቃት ጨምሯል፣ ቁጠባ ግን አላመጣም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥ» ይባላል። ስለ ወጡ ጣዕም እውነት ነው፤ ስለ ማገዶው ግን ጉልቻ መለወጥ ብዙ ነገር ያደርጋል። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ኢነርጂ ወደ ድስቱ የሚገባው ከአሥር እጅ አንዱ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጠው ነው፤ የቀረው በጎን ያመልጣል። ለእንጀራ የሚሆነው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚዘጋው ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃም ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህሉን ያተርፋል። የጤና ኤክስቴንሽን እኅቶቼ አንድ ነገር እንድትነግሩልኝ እለምናችኋለሁ፤ ጢስ ማለት ያልነደደ ማገዶ ነው። ዓይን የሚያቃጥለውና ሳንባ የሚገባው እናቲቱ ተሸክማ ያመጣችው እንጨት ክፍል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ስለዚህ የምድጃ ብቃት የጤና ጉዳይም ነው።

ገንዘብ የማይጠይቅ ብቃትም አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ባቄላና ሽምብራ የሚያስቸግሩን ለዚህ ነው። ውኃው አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብናነደው ሙቀቱ አይጨምርም፤ የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ እስከ መፍያው ለማድረስ ከሚፈጀው ኢነርጂ ይልቅ ያንኑ ሊትር አትንኖ ለመጨረስ ከሰባት እጥፍ በላይ ይፈጃል። ድስቱን መክደን፣ ሲፈላ እሳቱን መቀነስና ጥራጥሬውን አስቀድሞ መዘፍዘፍ እናቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው፤ እኔ የጨመርኩት ቁጥሩን ብቻ ነው።

ስለ ፀሐይ በአጭሩ ልናገር። በሀገራችን በአንድ ሜትር ካሬ ላይ በአማካይ በቀን ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የፀሐይ ኢነርጂ ያርፋል። በጣሪያ ላይ የተሰቀለ 100 ዋት ሶላር በጥሩ ቀን ወደ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያመነጫል፤ ለአምፖል፣ ለስልክና ለሬዲዮ ይበቃል። ለምጣድ ግን ቅድም ያሰላነውን 7 ኪሎዋት ሰዓት ለማግኘት ያው ሶላር ሁለት ሳምንት ማጠራቀም ይኖርበታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደመና ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ሶላር ገዝተው «አይሠራም» የሚሉ ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ የተቸገሩት አቅምና ኢነርጂ ተለይቶ ስላልተነገራቸው ነው። ነፋስና የምድር እንፋሎት በአዳማ፣ በአሸጎዳና በአሉቶ ላንጋኖ የተሠራባቸው ናቸው፤ ነፋሱ በበጋ፣ ወንዙ በክረምት የሚበረታ መሆኑ ሁለቱን አጋዥ ያደርጋቸዋል።

ለገጠሩ ቤት ይበልጥ የሚቀርበው ግን ባዮጋዝ ነው፤ በመጨረሻ ያስቀመጥኩትም ስለማከብረው ነው። ኩበት ታዳሽ ነው፤ ከብቱ በየቀኑ ይሰጠናል። ስናነደው ግን ለማሳው የሚሆነው ናይትሮጅን በጢስ ይሄዳል፤ ከዚያ ማዳበሪያ በብር እንገዛለን። በባዮጋዝ ጉድጓድ ውስጥ ያው እበት በእኩል ውኃ ተበጥብጦ አየር በሌለበት ሲብላላ ሜቴን የሚባል የሚነድ ነገር ያለበት ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ ወጥ ይሠራል፣ የቀረው ዝቃጭ ማዳበሪያነቱን እንደያዘ ወደ ማሳ ይመለሳል። አራት ያህል ከብት በበረት ያለው ቤተሰብ ለአንድ ጉድጓድ የሚበቃ እበት ያገኛል። እበቱ ከበረቱ ካልተለቀመና ከብቱ ቀኑን ሙሉ በግጦሽ ከዋለ ግን አይበቃም። በጮቄ ተራራ ሥር እንዳሉት ባሉ ደጋ ቀበሌዎች ደግሞ ብርዱ ማብላላቱን ያዘገየዋል፤ ጉድጓዱ ከመሬት ውስጥ ተቀብሮ የሚሠራው በከፊል ለዚህ ነው። አዲስ ጉድጓድ ለምታስቆፍሩ የግብርና ባለሙያዎች የምለምናችሁ ነገር አለ፤ ቦታው ፀሐይ የሚያገኝ፣ ለበረቱም ለማድቤቱም የቀረበ ይሁን። የውኃው ነጥብ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ከቁፋሮው በፊት ከእናቲቱ ጋር ተነጋገሩ፤ በየቀኑ እበቱን የምትበጠብጠውና ውኃውን የምትቀዳው እርሷ ናትና።